የሚጠፋ የጨርቅ እስክሪብቶ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፣ ጥልፍም እነድፋለሁ። ቁርጥራጭ ጨርቅ መጣል ስለማልወድ ደግሞ ኩዊልት እሠራለሁ። ቁርጥራጩን እገጣጥማለሁ፣ ከገበሩ መሃል ጥጥ አስገባለሁ፣ ከዚያ ሦስቱን በስፌት አያይዤ ብርድ ልብስ አደርገዋለሁ። ለዚህ ሁሉ ጨርቁ ላይ ማስመር የግድ ነው፤ መስመሩ ደግሞ በኋላ መጥፋት አለበት። ስለሚጠፋው እስክሪብቶ ከደሴም ከኮምቦልቻም የምትጠይቁኝ ነገር አንድ ዓይነት እየሆነ ስለመጣ እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

እውነት ይጠፋል? ወይስ የሻጭ ወሬ ነው?

ይጠፋል። ግን «የሚጠፋ» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ አየር ላይ ሲቆይ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ሐምራዊ ነው። ሁለተኛው በውሃ ይለቃል፤ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። ሦስተኛው ካውያ ሲያርፍበት ይጠፋል፤ እሱ በየቀለሙ ይመጣል።

ልብስ የሚበላሸው የአንዱን ማጥፊያ ለሌላው ስናደርግ ነው። ዋናው ጥፋት በውሃ የሚለቀውን ሳያጥቡ መተኮስ ነው። ሙቀቱ ቀለሙን ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል፣ አንዳንዴም ወደ ቡናማ ይቀይረዋል፣ ከዚያ በኋላ ብታጥቡትም ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ እስክሪብቶ ስትገዙ ከዋጋው በፊት የምትጠይቁት «ይሄ በምንድነው የሚጠፋው?» ብላችሁ ነው። ሻጩ ካላወቀ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ፤ እሱን ቀጥሎ አለላችሁ።

ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ አይነበብም። የትኛው ዓይነት እንደሆነ በምን ልወቅ?

ነጭ አቡጀዲ ቁራጭ ውሰዱ። በደንብ አራርቃችሁ ሦስት መስመር አስምሩ። አንዱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርጉ። ሁለተኛውን ተኩሱት። ሦስተኛውን ምንም ሳትነኩት ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡት።

ያልተነካው በራሱ ከጠፋ የአየር ነው። ያ ቁጭ ብሎ ውሃ የነካው ብቻ ከጠፋ የውሃ ነው። ካውያ እንደነካው ወዲያው ከጠፋና ውሃው ምንም ካላደረገው የሙቀት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ የአየሩ ሐምራዊም ውሃ ሲነካው ይጠፋል። ስለዚህ «ውሃ አጠፋው፣ የውሃ ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሦስተኛውን መስመር ጠብቁ። ሦስቱም እዚያው ካሉ ግን የገዛችሁት ተራ ማርከር ነው። ለልጆች ስጡት።

በነገራችን ላይ ይሄ ሙከራ ጨርቅ በተቀየረ ቁጥር ይደገማል። አቡጀዲ ላይ ጥርግ ብሎ የጠፋ ቀለም ፖሊስተር ላይ ወይም ማጠናቀቂያ ኬሚካል የተቀባ ጨርቅ ላይ እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ልብሱ ሲቆረጥ የሚተርፈውን ቁራጭ አትጣሉት፤ ሙከራው የሚሠራው እሱ ላይ ነው።

ሐምራዊው ሥራዬን ሳልጨርስ እየጠፋ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?

ሐምራዊው ተፈጥሮው ነው። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል ይባላል፤ እንደ ጨርቁና እንደ አየሩ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥም ሊሄድ ይችላል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ይፈጥናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ደሴ ውስጥ ሲገባ ጠዋት ያሰመራችሁትን ከሰዓት ብታጡት አይግረማችሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ሞቃት ስለሆነች፣ በበጋው አየሩ ደረቅ ሲሆን እዚያ ያላችሁት ትንሽ ሊቆይላችሁ ይችላል።

ለምን እንደሚጠፋ ካወቃችሁ ብዙ ነገር ይቀላል። ብዙዎቹ ሐምራዊ እስክሪብቶዎች ውስጥ ያለው ቀለም የሚታየው አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ሆኖ እስከቆየ ብቻ ነው። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ደካማ አሲድ ይሆናል፣ እሱ አልካላይኑን ሲያከሽፈው ቀለሙ መታየቱን ያቆማል። ልብ በሉ፣ ከጨርቁ ወጥቶ አልሄደም። የልብስ ሳሙና ደግሞ አልካላይን ነው። ጠፋ ያላችሁት መስመር ሳሙና ሲነካው ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። ቁራጭ ላይ አስምራችሁ፣ እስኪጠፋ ጠብቃችሁ፣ በሳሙና ውሃ የራሰ ጣታችሁን ጫን ብታደርጉበት አንዳንዱ ዓይናችሁ እያየ ወደ ሐምራዊነቱ ይመለሳል። ልጆች ይወዱታል። ደንበኛ ግን አይወደውም! ስለዚህ ጠፋ ብላችሁ አትተኩሱት፣ በሳሙናም አትጀምሩ። መጀመሪያ በባዶ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት።

ታዲያ ሐምራዊው ለየትኛው ሥራ ይሁን? እዚያው ጀምራችሁ እዚያው ለምትጨርሱት። የኪስ ቦታ፣ የቁልፍ ቀዳዳ፣ የቀሚስ ጫፍ የሚዘመዘምበት። በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ የሠራችሁ ልጆች ይሄን ሥራ ታውቁታላችሁ፤ ምልክቱ ተደርጎ ልብሱ ወዲያው ወደሚቀጥለው መኪና ነው የሚያልፈው። ለረጅም ሥራ ግን ሐምራዊ አትያዙ።

ሰማያዊውን በውሃ አጠፋሁት፣ ሲደርቅ ተመልሶ መጣ። ተታለልኩ?

አልተታለላችሁም፤ ውሃው አንሶ ነው። ይሄ ኩዊልት የሚሠሩ ሰዎች ዋና ራስ ምታት ነው። ውሃ በመርጫ ፍስስ ስታደርጉበት ቀለሙ ከላይኛው ጨርቅ ይለቅና ወደ መሃሉ ጥጥ ይሰርጋል። ከላይ ስታዩት ንጹሕ ነው። ጥጡ ሲደርቅ ግን እርጥበቱ ወደ ላይ ሲወጣ ቀለሙንም ይዞት ይመጣና ሰማያዊው መስመር፣ አንዳንዴም ሰፋ ያለ ጥላ ሆኖ፣ ጨርቁ ላይ ይቀመጣል።

መፍትሔው መዘፍዘፍ ነው። ትልቅ ሳፋ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ ሳሙና፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም። ውሃው ሰማያዊ እየሆነ ሲመጣ ድፉትና ሌላ ሙሉበት። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪቀር ድገሙት። አትጠምዝዙት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ከደረቀ በኋላ በቀን ብርሃን እዩት። አሁንም ካለ እንደገና ወደ ሳፋው። ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ሳታረጋግጡ ሳሙና፣ በረኪና፣ ሙቅ ውሃ፣ ካውያ አይንኩት። ፀሐይ ላይም አታስጡት። እርግጥ ነው፣ በክረምቱ ደሴ ላይ ይህን የሚያህል ነገር ማድረቅ ቀላል አይደለም፤ እኔ ትልልቅ ኩዊልት እስከ መስከረም አላጥብም። ያልታጠበውን ግን ከምድጃና ከመስኮት ፀሐይ አርቄ ነው የማስቀምጠው።

ይሄ ሁሉ ጣጣ እያለውም ከሦስቱ የማምነው ሰማያዊውን ነው። ውሃ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ግን በደንብ ከታጠበ ከጨርቁ ውስጥ ወጥቶ ይሄዳል። የሌሎቹ ሁለቱ ጠባይ መደበቅ ነው።

ሳላጥበው ተኮስኩት። አለቀልኝ?

ገና አልለየለትም። ደጋግማችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት፣ በየመሃሉ ውሃ ቀይሩ፣ አንድ ሌሊትም ይደር። አንዳንዱ እየሳሳ ይለቃል። አንዳንዱ አይለቅም፣ እውነቱን ለመናገር። በረኪና እንዳትሞክሩ፤ ቀለሙን ትቶ ጨርቁን ነው የሚበላው። ካልለቀቀ መስመሩ ላይ ጥልፍ ወይም ጥብጣብ ማስኬድ ያዋጣል።

በካውያ የሚጠፋውስ? ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያወራው።

ያወራሉ፣ ምክንያቱም ሲያዩት ተአምር ይመስላል። ካውያውን አሳለፍ፣ መስመር የለም። በጣም የሚታወቀው ፓይለት የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፍሪክሽን ብሎ ያወጣው ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ገበያ ላይ ዋለ። መጀመሪያ የተሠራው ለወረቀት ነው። እስክሪብቶው ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ወረቀቱን ሲፈትገው ይሞቃል፣ ቀለሙ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ አይታይም። ልብስ ሰፊ ሁሉ ወዲያው የጎማውን ሥራ ለካውያ ሰጠው።

«አይታይም» ነው ያልኩት። ቀለሙ እዚያው ጨርቁ ላይ አለ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ መመለስ ይጀምራል፣ ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ሙሉ ሆኖ ይመጣል። የደሴ ብርድ የቱንም ያህል ቢያንገፈግፍ እዚያ አይደርስም፤ እዚህ ለሚለበስ ልብስ በዚህ በኩል ሥጋት የለም። ካናዳ ወይም ሚኒሶታ ላለች እህታችሁ የምትልኩት ከሆነ ግን አስቡበት። ጥር ላይ መኪና ውስጥ ጥላው ብታድር ቀሚሷ ላይ የናንተ ንድፍ ሁሉ ተመልሶ ይጠብቃታል። ካላመናችሁ ቁራጭ ላይ አስምራችሁ ተኩሱና ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት መስመሩ እንደነበረ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ችግር ጥቁርና ደማቅ ጨርቅ ላይ ነው። ቀለሙ ይጠፋል፣ በቦታው ግን ነጣ ያለ ጭረት ሊቀር ይችላል። ያንን ደግሞ ካውያም ፍሪዘርም አያስተካክለውም፤ ማጠብ ሊያሳሳው ይችላል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ በካውያ የሚጠፋውን የምጠቀመው በስተውስጥ ብቻ ነው፦ ስፌቱ ውስጥ ታጥፎ የሚቀር ጠርዝ፣ ገበር የሚሸፍነው ቦታ፣ ቁርጥራጭ ስቆርጥ የመቁረጫው መስመር። እዚያ ላይ ተወዳዳሪ የለውም፣ መስመሩ ቀጭን ነው፣ ጨርቁን አይጎትትም። የደንበኛ ልብስ ፊት ላይ አላስነካውም።

መብራት በጠፋ ቀን የከሰል ካውያ ለምትጠቀሙ፦ ያጠፋል፣ ሙቀት ሙቀት ነው። አመዱ እንዳይረግፍበት ብቻ ሌላ ጨርቅ አልብሱት።

ለሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የቱን ልያዝ?

ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው። ጥልፍ ሳምንታት ይወስዳል፣ ሐምራዊው አይጠብቃችሁም። የሙቀቱን ነጭ ሸማ ላይ፣ ፊት ለፊት ደረት ላይ ማስመር አልፈልግም፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። የቀረው ሰማያዊው ነው። እሱ ደግሞ መዘፍዘፍ ይፈልጋል፣ አዲስ ሸማ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ደንበኛዋም ለበዓል የምትለብሰውን ገና ሳይለበስ ታጥቦ ማየት አትፈልግም። «እትዬ፣ አዲስ ነው እኮ፣ ምነው አጠባችሁት?» ትላለች። እውነቷን ነው።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሸማውን ከመቆረጡ በፊት፣ ከደንበኛዋ ጋር ተስማምቶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ማድረቅ ነው። የሚሰበሰበው ያኔ ተሰብስቦ ያልቃል፣ ልኩ የሚወሰደው ከዚያ በኋላ ነው፣ መጨረሻ ላይ ሰማያዊውን ስታጥቡ ቀሚሱ አያጥርም። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ የጥልፉን ክር አስቀድማችሁ ፈትኑት። ክሩን አርሱትና በነጭ ጨርቅ መሃል አድርጋችሁ ጨመቅ አድርጉት። በተለይ ቀይና ጥቁር አረንጓዴ። ነጩ ላይ ቀለም ከተወ ያ ክር ከሰማያዊ እስክሪብቶ ጋር አንድ ቀሚስ ላይ አይውልም፤ ሰማያዊውን አስለቅቃለሁ ስትሉ ቀዩ ደረቱን ይወርሰዋል።

ሁለተኛው መንገድ ጨርቁ ላይ ጭራሽ አለማስመር ነው። ንድፉን ስስ ወረቀት ላይ ሳሉት፣ ወረቀቱን ደረቱ ላይ በክር ወስውሱት፣ ጥልፉን በወረቀቱ ላይ አልፋችሁ ጥለፉ፣ ሲያልቅ ወረቀቱን በእርጋታ ቅደዱት። ጥቃቅኑ ወረቀት በመርፌ ጫፍ እየተለቀመ ይወጣል። አሰልቺ ነው፣ አልክድም። ግን ውሃ የለ፣ ቀለም የለ፣ ሥጋት የለ። ለሠርግ ቀሚስ እኔ የማደርገው ይሄንን ነው። ወረቀቱ ላይ ንድፉን በእርሳስ ሳይሆን በቀለም ሳሉና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርሳስ በመርፌና በክር እየተጎተተ ነጩን ያቆሽሸዋል።

በእስክሪብቶ ካሰመራችሁ ደግሞ ሸማ ልል ሽመና መሆኑን አትርሱ። ጫፉ ክሩ ውስጥ ይገባና ይይዛል፣ ቀለሙም ይሰፋል። ረጅም መስመር ከመጎተት ነጥብ ነጥብ አድርጉ። እጃችሁን አታክብዱ። ንድፍ የምታሻግሩ ከሆነ ቀን ላይ ወረቀቱን መስኮት መስተዋት ላይ ለጥፋችሁ ሸማውን ከላዩ ዘርጉት፤ ስስ ስለሆነ ንድፉ ጥርት ብሎ ይታያል።

ጥቁር ጨርቅ ላይስ?

ነጭ የሚጠፋ እስክሪብቶ አለ። ስታስምሩበት ምንም አይታይም፣ ቀለሙ ሲደርቅ ነው ነጭ የሚሆነው፤ «አይጽፍም» ብላችሁ ደጋግማችሁ አትጫኑት። አንዳንዱ በውሃ አንዳንዱ በካውያ ይጠፋል፣ ስለዚህ ሙከራው እዚህም አለ። ከፋይ ላይ ግን የትኛውንም እስክሪብቶ አትሞክሩ፤ ጠጉሩን ያስተኛዋል። በክር ምልክት አድርጉ።

ሳሙና አይበቃም እንዴ? አባቶቻችን በሳሙና ነው ሲሰፉ የኖሩት።

ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ እንዲያውም ከእስክሪብቶው ይሻላል። ሱሪ፣ ኮት፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ጠቆር ያለ ጨርቅ ሁሉ በሳሙና ቁራጭ ነው የሚሠራው። ተጠቅማችሁ ያለቀውን ስስ ሳሙና አድርቁት፣ ጠርዙን በቢላ ሳሉት፣ በቃ። ቅባት የበዛበትን የፊት ሳሙና ግን ተዉት፤ ካውያ ሲያርፍበት የዘይት ጠብታ የመሰለ ነገር ሊተው ይችላል። ሰም ያለው ጠመኔም እንዲሁ። ነጭ ጨርቅ ላይ ሳሙና አይታይም፣ ቀጭን ንድፍም አይወጣለትም። እስክሪብቶ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው።

የአስተማሪ ማርከር፣ ተራ እስክሪብቶ፣ የቢሮ ካርቦን ወረቀትስ?

አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም። የነጭ ሰሌዳ ማርከር ከሰሌዳ ላይ በጨርቅ ይጠፋል ማለት ከጨርቅ ላይ ይጠፋል ማለት አይደለም። ካርቦኑ ደግሞ እጅ የነካውን ቦታ ሁሉ ይቀባል።

ለኩዊልት የስፌቱን መስመር መቼ ላስምር?

ውስብስብ ንድፍ ከሆነ ጥጡ ከመግባቱ በፊት፣ ላይኛው ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ልጥጥ ብሎ ሳለ። ግን አስተውሉ፣ ካሰመራችሁ በኋላ ካውያ አይነካውም፤ የሚተኮሰውን ሁሉ አስቀድማችሁ ተኩሱ። ከዚያም በፊት ጨርቆቹን እጠቧቸው። አዲስ ጨርቅ ላይ ያለው ስታርችና ኬሚካል ይለቃል፣ የሚሰበሰበው ይሰበሰባል፣ ቀለሙን የሚለቀው ቀይ ጨርቅም ማንነቱ ቀድሞ ይታወቃል።

ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ከሆነ እስክሪብቶም አያስፈልግም። ቀለም ቀቢዎች ጠርዝ የሚሸፍኑበትን የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ጎኑን ይዛችሁ ስፉ። ያን ዕለቱኑ አንሱት፤ ከሰነበተ ሙጫው ይቀራል።

የት አገኛለሁ? ስንት ጊዜ ያገለግላል?

ደሴ ፒያሳም አራዳም ክርና ቁልፍ የሚሸጡትን ጠይቁ፤ የሙቀቱን የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ሊይዙት ይችላሉ። ካጣችሁ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ላኩ፣ ስትልኩም ቀለሙን ሳይሆን በምን እንደሚጠፋ ጻፉለት። ሐምራዊና ሰማያዊው ቶሎ ይደርቃሉ። ክዳኑ ቋ እስኪል ግጠሙት፣ አስተኝታችሁ አስቀምጡት።

የሙቀቱ እስክሪብቶ ድንገት መጻፍ ካቆመ ወዲያው አትጣሉት። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ረስታችሁት ከነበረ ቀለሙ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ተደብቆ ይሆናል። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩትና እንደገና ሞክሩት።